የኑርሁሴን ፎቅ

ወንድሜን ኑርሁሴንን ውሃ በላው ይላሉ። ውሃ አይደለም የበላው። የበላውን ሰው ስሙንም አካሄዱንም አውቃለሁ፤ ስማቸው የሚባል ሰው ነው። ይህን የምናገረው አይዞሽ እንድትሉኝ አይደለም፤ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ወንድሜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ፣ እኔም በዚያ ሰውዬ ላይ ምን እንደሠራሁበት በደንብ እንዲታወቅ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ብዙው ሰው ጫፍ ጫፉን ይዞ ያወራል፤ አንዳንዱም ክፉ ሴት ያደርገኛል። ክፉ ከሆንኩም በምን እንደከፋሁ ይታወቅልኝ።

እኔ ከሪማ ሸራ ሰፊዋ ነኝ። ሙያውን ያስተማሩኝ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ናቸው። በልጅነቴ ቤታቸው ውሃ እቀዳ፣ ልብስ አጥብ ነበር፤ አንድ ቀን የተቀደደ ጆንያ ስጠቅም አይተው «ይህች ልጅ እጅ አላት» አሉና ከሸራው ፊት አስቀመጡኝ። ሲባጎውን በሰም ማሸት፣ ጠርዙን ሁለቴ አጥፎ መስፋት፣ የላይኛው ሸራ የታችኛውን ደርቦት ውሃው ከሣር ክዳን ላይ እንደሚወርደው ሸርተት ብሎ እንዲሄድ ማድረግ፣ ይህን ሁሉ ከሳቸው ነው የለመድኩት። አብዮቱ ሲመጣ አገራቸው ሲገቡ የስፌት መኪናቸውን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። መጀመሪያ ላይ ሾፌሮቹ ሴት የሰፋችውን ሸራ አናለብስም ብለው ነበር። አንድ ክረምት እህላቸው ደረቅ ሆኖ ሲወርድላቸው አፋቸውን ያዙ።

ኑርሁሴን በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። እናትና አባታችን ሐርቡ ላይ በአንድ የወባ ክረምት ተከታትለው ሲሄዱ እሱ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ዘመድ እኛን ለመከፋፈል ሲማከር እጄን ይዞ በእግሩ ወደ ኮምቦልቻ አመጣኝ። መኪና አጠበ፣ ጎማ ነፋ፣ ረዳት ሆነ፣ በመጨረሻም ኤንትሬ የሚሉትን ትልቁን ፊያት ከነተሳቢው ያዘ። ሳፊያን አገባ፣ ሐርቡ ላይ ጎጆ ቀልሶ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ። ዝምተኛ ነበር፤ ሲስቅ እንኳ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ግትርነቱ ግን የጉድ ነው። አንዴ አይሆንም ካለ አይሆንም ነው።

አይሆንም ካላቸው ነገሮች አንዱ መሬት ላይ መተኛት ነበር። ረዳት በነበረበት ዘመን አሰብ መንገድ ላይ ጊንጥ ነድፎት ሦስት ቀን ሲያቃስት ከርሟል። ጋቢና ውስጥ እንዳይተኛ ደግሞ የዚያ አገር ሙቀት ጋቢናውን ምድጃ ያደርገዋል። አንድ ቀን ሥራ ቦታዬ መጥቶ፣ ከሸራው ጥቅል ላይ ተቀምጦ፣

«ከሪማ፣ መኪናዬ ጣራ ላይ የሚታሰር ድንኳን ስፊልኝ» አለኝ።

ጋሽ ወልደ ሚካኤል አብሮት ነበር። የደሴ ሰው ነው፤ አሰብ መንገድ ላይ ፀጉሩን ያሸበተ ሾፌር፣ ለኑርሁሴንም መሪ ያስያዘው እሱ ነው። ነገሩን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ።

«ነፋስ ጠራርጎ ቀይ ባሕር ይጨምርሃል» አለው። «ሽንትህ ሲመጣብህስ? መሰላል ስትዳብስ ትሞታለህ። የመሬቱ ነው የሚሻለው። እግርህን ትዘረጋለህ፤ መኪናውን ይዘህ ብትሄድም ድንኳንህ እንደተተከለ ይጠብቅሃል።»

«ጊንጡም አብሮ ይጠብቀኛል» አለ ኑርሁሴን። «ላይ ነፋስ አለ። ናፍታ የሚቀዳ ሌባ ቢመጣ ቀድሜ አየዋለሁ። ደልዳላ ቦታ፣ ካስማ የሚገባበት መሬት እያልኩ አልንከራተትም። መኪናዬ የቆመበት ቤቴ ነው።»

«ካስማ የሚገባበት መሬት እኮ እዚያ አገር አሸዋው ብቻ ነው» አልኩ እኔም ከስፌቴ ቀና ሳልል። «አሸዋው ደግሞ ወንዝ ነው።»

ሐርቡ ያደገ ሰው ይህን ማንም እንዲነግረው አያሻውም። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ኮከቡ ተረጭቶ ሳለ፣ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ በደረቁ ወንዝ ይመጣል። ልጆች ሳለን አሸዋው ላይ ስንጫወት ትልልቆቹ በአለንጋ ነበር የሚያስወጡን። ኑርሁሴንም ይህን ስል ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ግን የመሬቱ ይሻላል እንዳለ ሄደ።

ሰፋሁለት። ከጋቢናው ጣራ ተነሥቶ ጭነቱ ላይ የሚዘረጋ፣ አራት አጫጭር ምሰሶ ያለው፣ በስምንት ገመድ ከሁለቱም ጎን የሚወጠር ነው። ሲያልቅ በራስጌው በኩል ባለው ጠርዝ ውስጥ ክታብ ሰፋሁበት። ሐርቡ ያሉ ሼህ ለመንገደኛ የሚጽፉት ነው፤ በቀይ ቆዳ ተለብጦ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ስሰፋውም «ያ አላህ፣ ከዚህ ሥር የሚተኛውን ጠብቀው» ብዬ ዱዓ አደረግሁ። ስሙን መጥራት ነበረብኝ። ኑርሁሴንን ጠብቀው ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ከዚህ ሥር የሚተኛውን አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መኪናው ላይ ሲዘረጋ ሾፌሩ ሁሉ ሊያየው ወጣ። «ኑርሁሴን ፎቅ ሠራ» አሉ። «ቀበሌ ትርፍ ቤት ነው ብሎ እንዳይወርስህ» ብለውም ተሳሳቁበት። ያን ጊዜ ከአንድ ቤት በላይ ያለው ሁሉ የተወረሰበት ዘመን ስለነበረ ለቀልድ የቀረበ ነገር ነው። ወላሂ፣ ቀልዱ እውነት ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ሰው በየመንገዱ በረሃብ ይረግፋል፤ መኪኖቹ ከአሰብ እህል ሲያመላልሱ ውለው ያድራሉ። በኮንቮይ፣ አንድ ላይ ተከታትለው ስለሚሄዱ እያንዳንዱ ኮንቮይ የሚቆጣጠረው የመንግሥት ተጠሪ ይመደብለት ነበር። ለእነ ኑርሁሴን የመጣላቸው ስማቸው ነው። የቦሩ ሜዳ ልጅ ነው፤ ደገኛ፣ ከደሴ ወዲያ ቆላ የሚባል አገር አይቶ የማያውቅ። ሽጉጡን ከሆዱ በላይ ይታጠቃል፤ ሲናገር ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ያለ ይመስለዋል። ገና በገባ በሳምንቱ ሾፌሮቹን ሰብስቦ «አንዱ ፎቅ ላይ ሌላው አፈር ላይ የሚተኛበት ሥርዓት ተቀብሯል» አላቸው። ከዚያ መመሪያ ወጣ። በመኪና ጣራ ላይ መተኛት ክልክል ነው፤ ሾፌር ሁሉ በሚታደለው የመሬት ድንኳን ይተኛል። የኑርሁሴንን ድንኳን አስፈትቶ፣ የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ ወሰደው። በሚቀጥለው ጉዞ ያው ድንኳን እዚያው መኪና ላይ ተዘርግቶ ታየ። ውስጡ የሚተኛው ጓድ ስማቸው ነበር። እህሉን ከላይ ሆኖ ለመጠበቅ ነው ተባለ።

ኑርሁሴን ከዚያ ጉዞ ሲመለስ «ከገዛ መኪናዬ ጎን፣ ከገዛ ቤቴ ሥር መሬት ላይ አደርኩ» አለኝ። የሳቀም መስሎኝ ነበር፤ ትከሻው ግን አልተንቀጠቀጠም። እኔ ሄጄ ልናገረው ብዬ ተነሣሁ። «ተይው፣ እህሉ ይድረስ፤ ይህ ያልፋል» ብሎ አስቀመጠኝ።

ነሐሴ ላይ ሞተ። ከአሰብ ሲመለሱ ከባቲ በታች በረሃው ላይ የመኪናው ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ብረት፣ ተሰበረ። የተራበ ሰው የሚጠብቀው እህል ስለሆነ ኮንቮዩ ቀጠለ፤ ረዳቱም ሌላ ባሌስትራ ሊያመጣ ከነሱ ጋር ኮምቦልቻ መጣ። ከመኪናው ጋር የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ኑርሁሴንና ስማቸው። በማግስቱ ረዳቱ ሲመለስ ያገኘው አንዱን ነው። የኑርሁሴንን ጀናዛ አፋሮች ከሁለት ቀን በኋላ ከወንዙ ወደ ታች አግኝተው እዚያው ቀበሩት። አላህ ይስጣቸው፤ መቃብሩን ድንጋይ ከበውለታል።

ለሳፊያ የመንግሥት ደብዳቤ መጣላት። ማንበብ ስለማትችል እኔ ዘንድ ይዛው መጣች፤ እኔም አልችልምና ጋሽ ወልደ ሚካኤል አነበበልን። «ሾፌሩ ተጠሪው የሰጠውን ማስጠንቀቂያ ጥሶ፣ በራሱ ፈቃድ በደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን ተክሎ በመተኛቱ፣ በራሱ ግድየለሽነት ሕይወቱ አልፏል» ይላል። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አጥፎ ለሳፊያ ሰጣትና ወጥቶ ሄደ።

የሞተ ሰው አይነሣም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ግን ለቅሶው ላይ ሐርቡ የተሰበሰበው ሰው ምን እንዳለ ልንገራችሁ። አንዱ ሽማግሌ ራሱን ነቅንቆ «የሐርቡ ልጅ ሆኖ አሸዋ ላይ ይተኛል?» አለ። ሌላው «መኪና መንዳት አሳብዶት ነው» አለ። የኑርሁሴን ልጆች ውሃ ሊቀዱ ሲሄዱ እኩዮቻቸው «አባታችሁ ወንዝ አልጋ መስሎት» ብለው ይሰድቧቸው ጀመር። ኑርሁሴን ካልተገደደ አሸዋ ላይ እንደማይተኛ እኔ አውቃለሁ። ስማቸው ወንድሜን ገደለው፣ በዚያ ላይ ጅል አድርጎ ቀበረው። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስማቸው በገዛ አፉ፣ ሾፌር በተሰበሰበበት፣ ኑርሁሴንን አሸዋው ላይ ያስተኛሁት እኔ ነኝ እንዲል ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከዚያ በኋላ አየዋለሁ አልኩ።

ሳፊያ ለአላህ ስጪው ትለኛለች። ጥሩ ሴት ናት፣ እኔን አትመስልም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ ሶላትሽ አይያዝልሽም» አለችኝ አንድ ቀን። እሷ ትስገድልን አልኳት።

ስምንት ወር አለፈ። ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት ሸራ ዘርግቼ ሰም ስቀባ አንድ ሰው ጥቅል ይዞ ገባ። ሽጉጡን ከሆዱ በላይ ታጥቋል። ከዚያ በፊት ፊት ለፊት አይቼው አላውቅም፤ ሰው ግን መልኩን ደጋግሞ ነግሮኛል። እሱማ እኔን ከየት ያውቀኛል። ሻሽ የጠመጠመች፣ እጇ ሰም በሰም የሆነ ሴት ነኝ።

«ኮምቦልቻ ላይ ሸራ የምትችል አንቺ ነሽ አሉኝ» አለና ጥቅሉን ወርውሮ ዘረጋው። «ይህን ግራር ቀዶብኛል። ልክ እንደሱ አድርገሽ አዲስ ስፊልኝ። አሮጌውን ለመጠገኛ ተጠቀሚበት።»

የገዛ እጄን ሥራ ዘረጋልኝ። የወንድሜን ድንኳን። ጎንበስ ብዬ የራስጌውን ጠርዝ በሁለት ጣቴ ዳበስኩት። ክታቡ አለ። የቆዳው ጠርዝ ይሰማኛል። ሥራውን ሠርቷል ለካ፤ ከሥሩ የተኛውን ጠብቋል። መቀሱ እጄ ውስጥ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚሉት እውነት ነው፤ እሱ እኮ ሟቹ እህት አለችው ወይ ብሎ ለመጠየቅ እንኳ አላሰበም።

«እሰፋዋለሁ ጓድ» አልኩት። «ግን ልኩን በደንብ መጠየቅ አለብኝ። ዓርብ ጠዋት ይምጡ።»

ሄደ። ያን ቀን ያሰብኩትን አልደብቅም። ሲባጎ ሰም ካልነካው በዚያ ፀሐይ በወሩ ይበሰብሳል። የጎኑን ገመድ በደረቅ ሲባጎ ብሰፋለት አንድ ቀን ሲገላበጥ ከነድንኳኑ ከላይ ይወርዳል፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ሲባጎውን ቆርጬ ለብቻ አስቀምጬም ነበር። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ከሰዓት ሲመጣ ድንኳኑን አየ፤ ሲባጎውን አየ፤ ገባው። ሸራ ስሰፋ ሲያየኝ ስንት ዓመቱ ነው።

«ይወድቃል፣ ይሞታል፣ አበባ ይዘው ይቀብሩታል» አለኝ። «ደብዳቤው ግን እንዳለ ይኖራል። ኑርሁሴንም እንደ ጅል ይቀራል። ይህን ነው የምትፈልጊው?»

አይደለም። እውነቱን ነው። ሲባጎውን ሰም ቀባሁት።

«እሺ፣ ዓርብ ጠዋት ስንት ሾፌር ታመጣልኛለህ» ልለው አፌ ላይ መጥቶ፣ ታላቄ ነውና አረምኩት። «ስንት ሾፌር ያመጡልኛል?» አልኩት።

ሰባት አመጣልኝ። የተሳቢ ሸራ ሰም ተቀብቶ ሲደርቅ ገመድ ላይ ነው የሚሰቀለው፤ ከዳር እስከ ዳር ግድግዳ ይሆናል። ከሸራው ጀርባ ጆንያ አንጥፌ እሱንም እነሱንም አስቀመጥኳቸው። ሰባት ሾፌር አፉን ዘግቶ ሲቀመጥ ያየሁት በዕድሜዬ ያን ዕለት ብቻ ነው። ስማቸው ሲመጣ ወንበር ሰጠሁት፤ ሻይም አስመጣሁለት። ድንኳኑ በመካከላችን ተዘርግቷል።

«መጀመሪያ ልጠይቅዎት» አልኩት። «ለጣራ ይሁን ለመሬት? የመሬቱ ሰፋ ይላል፤ ለርስዎ ለአለቃ የሚመች እሱ ነው። ብዙ ሰው የመሬቱን ይወዳል።»

«የመሬቱን?» ብሎ ሳቀ። «ጣራ ነው እንጂ። ይህ ድንኳን ባይኖር እኔ ዛሬ እዚህ አልቀመጥም።»

«እንዴት?» አልኩ፤ መለኪያውን ክር እየዘረጋሁ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጀመረ። ባሌስትራው እንደተሰበረ፣ ሁለት ሆነው እንደቀሩ ነገረኝ። እኔ ሰፊ የሚጠይቀውን ነው የምጠይቀው።

«ሁለት ሰው አይችልም እንዴ ድንኳኑ? ስፋቱን ላውቅ ብዬ ነው።»

«ይችላል። ግን ከሾፌር ጋር ጎን ለጎን ይተኛል? ሥርዓት አለ እኮ።»

«ታዲያ ሾፌሩ ጋቢና ገብቶ አይተኛም ነበር?»

«ጋቢናው የእኔ ዕቃ ነበረበት፤ ቆልፌዋለሁ። ከመኪናው ሥር እንዳይገባ ደግሞ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ነው የቆመው፤ ቢንሸራተት ይጨፈልቀዋል። መሬት ላይ ትከል አልኩት።»

«ድንጋይ ነው አሉ ያ አገር። ካስማው እንዴት ይገባል? ለመሬቱ የማዘጋጀው ካስማ ስንት እንደሚረዝም እንድለይ ነው።»

«ድንጋዩ ላይ አይገባም። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ግን እንዴት ያለ ለስላሳ አሸዋ አለ መሰለሽ፣ ምንጣፍ ነው። እዚያ ትከል አልኩት። ሰውየው ፈራ። ወንዝ ነው ይለኛል። ጠብታ ውሃ የለውም፤ ሰማዩ ላይ የጣት ያህል ደመና የለም። ወንዝ ማለት ውሃ ያለው ነው አልኩት። ከላይ ይመጣል ብሎ ድርቅ አለ። መጨረሻ ይህን ሳሳየው ወረደ» ብሎ ሽጉጡን መታ መታ አደረገው። «ሊነጋጋ ሲል ምድሩ ሲጮህ ነቃሁ። ላይ ሆኜ አየሁት። ያ ሁሉ አሸዋ ውሃ ሆኗል፤ ድንኳኑም የለም። አየሽ፣ ለዚህ ነው ጣራ የምልሽ። የመሬቱን ለጠላቴ ስፊለት።»

ሻዩን ጠጣ። እኔ ክሩን አስቀመጥኩ።  እርስዎ ማለቱንም እዚያ ላይ ተውኩት።

«ይህ ድንኳን የማን እንደነበረ ታውቃለህ?» አልኩት።

«የመንግሥት ነው» አለ፤ አንተ ማለቴ ገና አልገባውም።

«በራስጌው ጠርዝ ውስጥ በቀይ ቆዳ የተለበጠ ክታብ አለ። ከሌለ ውሸታም በለኝ።» መቀሱን አነሣሁና ጠርዙን ተረተርኩት። ክታቡ መዳፌ ላይ ወደቀ። «ይህን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ለወንድሜ ለኑርሁሴን። አሸዋ ላይ ያስተኛኸው ሾፌር ነው።»

ከዚያ ገመዱን ፈታሁት። የተሳቢው ሸራ ዝርግፍ ብሎ ወደቀ፤ ሰባቱ ሾፌሮች እንደተቀመጡ ታዩ።  ጋሽ ወልደ ሚካኤል ቀስ ብሎ ተነሥቶ ቆቡን አወለቀ፤ ለለቅሶ እንደሚወለቀው አድርጎ። ስማቸው ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ወላሂ፣ ያን ፊት ለማየት ስምንት ወር አይደለም ስምንት ዓመት እጠብቅ ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስማቸው ግን ስማቸው ነው። ፀረ አብዮት ነሽ አለኝ፣ አሻጥረኛ አለኝ፣ በዚያው ቀን ቀበሌ አስገባኝ። ሁለት ሳምንት ታሰርኩ። እዚያም የቀበሌውን የተቀደደ የስብሰባ ድንኳን አስጠገኑኝ፤ በደንብ ነው የጠገንኩላቸው። እኔ ታስሬ ሳለ በሚቀጥለው ዓርብ ጋሽ ወልደ ሚካኤልና ሁለት ሾፌሮች ሐርቡ ወርደው፣ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ ጠብቀው፣ የሰሙትን ቃል በቃል ተናገሩ። ያ «አሸዋ ላይ ይተኛል ወይ» ያለው ሽማግሌ በእግሩ ሳፊያ ቤት ድረስ ሄዶ አፉ በይኝ አላት፤ ይቅርታ መጠየቁ ነው። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ እንዳለ ይሆናል፤ ፋይል የማነብ ሰው አይደለሁም። ሐርቡ ግን ሰምቷል። ልጆቹንም ውሃ መቅጃው ላይ የሚሰድባቸው ጠፋ።

ስፈታ ድንኳኑ ሥራ ቦታዬ ውስጥ እንደተተወ አገኘሁት። የታዘዘ ሥራ ነው፤ ያዘዘኝንም ሰው ባዶ እጁን አልሸኝም። ዘርግቼ ቆራረጥኩት። አራቱን አጫጭር ምሰሶ አስወጣሁ፣ ለረጅም ምሰሶ ቀዳዳ አበጀሁ፣ ዙሪያውን የካስማ ቀለበት አሰርኩበት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የመሬት ድንኳን ሆነ፤ በሕይወቴ ከሰፋሁት ሁሉ የሚያምረው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ስፌቱን እጥፍ አደረግሁት፤ ሰሙንም አልሰሰትኩም። ኮንቮዩ ሊወጣ ሲል እኔው ራሴ ተሸክሜ ወስጄ ከእግሩ ሥር አኖርኩለት።

«ከላይ ጠብታ አያስገባም» አልኩት። «ከታች ለሚመጣው እኔ ሙያ የለኝም።»

ሊመታኝ እጁን አነሣ። ሾፌሮቹ ከየጋቢናቸው ወርደው ቆመው ነበር። እጁን መለሰው። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ ፊተኛው መኪና ሄዶ መሰላሉን ያዘ፤ ባለመኪናው ጋሽ ወልደ ሚካኤል ነው።

«ጓድ፣ በጣራ ላይ መተኛት በመመሪያ ክልክል ነው» አለው ጋሽ ወልደ ሚካኤል፤ ተረጋግቶ፣ እንደ ታዛዥ ሰው። «ፊርማው የርስዎ ነው።» ወረቀቱን ከጋቢናው መስታወት ሥር አውጥቶ አሳየው። ወደ ሁለተኛው ሄደ። ሁለተኛውም ወረቀቱን አወጣ። ሦስተኛውም። እንግዲህ ምን ያድርግ፤ የራሱን መመሪያ ፀረ አብዮት ነው አይል፣ ሁሉንም ሾፌር አስሮ እህሉን እሱ አይነዳው። ድንኳኔን አስጭኖ ሄደ።

ክታቡን ለጋሽ ወልደ ሚካኤል ሰጠሁት። ክርስቲያን ቢሆንም ወሎዬ ነው፤ ተቀብሎ ስሞ ከማተቡ ጋር አሰረው። አሁን ጠዋት ጠዋት የአሸዋውን ነገር ያነሣና የመሬቱ ይሻላል ያልኩ ቀን ምላሴ በተቆረጠ ይላል። ይህን ጊዜ በስሙ ዱዓ አድርጌለታለሁ፤ አንድ ስህተት ሁለት ጊዜ አልሠራም።

ከዚያ ጉዞ ጀምሮ ከአሰብ የሚመለስ ሾፌር ሁሉ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣል። ሸራው ተቀደደ አልተቀደደ ብዬ አልጠይቀውም። «ስማቸው ተኝቷል ወይ?» ነው የምለው። «አልተኛም» ይሉኛል። ጋቢናው በሙቀት ምድጃ ነው፤ ካስማ የሚገባው አሸዋው ላይ ነው፤ አሸዋው ላይ አይተክልም። ድንጋዩ ላይ ድንኳኑን እንደ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ፣ ወደ እኛ ተራራ ዓይኑን ተክሎ ያነጋል። ሩቅ መብረቅ ካየ ይነሣና እየተመላለሰ ሰው ይቀሰቅሳል። ከስቷል አሉኝ፤ ምራቁን መዋጥ አቅቶታል አሉኝ። አንዱ ወጣት ሾፌር አሳዝኖኛል ብሎኝ ነበር፤ እሱን ሻይ ሳላጠጣው ሸኘሁት።

ሳፊያ ዛሬም ይቅር በይው ትለኛለች። ሐቅሽን አገኘሽ፣ ምን ቀረሽ ትለኛለች።  ክረምት ሲገባ፣ ወደ ባቲ በኩል ያለው ሰማይ ሲጠቁርና ተራራው ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ ደጄን ዘግቼ ጋደም እላለሁ። ያን ዕለት እሱ የት እንዳለና ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ። ያን ዕለት እኔ ጥሩ እንቅልፍ እተኛለሁ።